ከሞጣ የሚመጣው ቅመም

ቢቸና ውስጥ ልጁን የሚድር ሰው የሰርጉን ቀን የሚቆርጠው እትዬ ሥራ የማይኖራቸውን ቀን ጠይቆ ነበር። እትዬ የእናቴ ጎረቤት ናቸው። ሰፈሩ ባለሙያዋ ይላቸዋል። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ እትዬ ስለምላቸው እዚህም በዚሁ ልጥራቸው። ባላቸው በጊዜ ሞተውባቸው ሁለት ልጆቻቸውን ያሳደጉት በሰው ሰርግና ተዝካር ላይ ወጥ እየሠሩ ነው። ድስቱ ሃያም ይሁን ሠላሳ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተዘዋወሩ፣ በማማሰያ ጫፍ መዳፋቸው ላይ ጠብ አድርገው ይቀምሳሉ፤ ከዚያ አንዲት ቃል ሳይናገሩ በጣታቸው ጨው ወይም እሳት ያዝዛሉ።

ወጣቸው ለምን እንደሚጣፍጥ ቢቸና የሚያውቅ ይመስለው ነበር። እትዬ በየወሩ አውቶቡስ ተሳፍረው ሞጣ ይሄዳሉ። ሲመለሱ ዘንቢላቸው ኮረሪማ፣ ጥምዝ፣ ጥቁር አዝሙድና ነጭ አዝሙድ ይዟል። ሰው ሲጠይቃቸው «የሞጣ ነው» ይላሉ፤ ሌላ ማብራሪያ የላቸውም። ቀስ በቀስ የሞጣ ቅመም ያልገባበት የሰርግ ወጥ እንደ ጎደሎ ይታይ ጀመር። ደጋሾች ሽንኩርቱንና ቅቤውን ካስረከቡ በኋላ «የሞጣውን ነገር አደራ» ሳይሉ አይወጡም ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ የታች ሰፈሯ ባለሙያ፣ ማለትም የእትዬ ተፎካካሪ፣ እሳቸውም ወደ ሞጣ መመላለስ ጀመሩ። እናቴ እንደምትለው ሁለቱ አንድ አውቶቡስ ላይ ቢገናኙ አንዷ ከፊት አንዷ ከኋላ ይቀመጣሉ፤ ሞጣ ሲደርሱም አንዷ ወደ ግራ አንዷ ወደ ቀኝ ይሄዳሉ። እትዬ ስለዚህ ሲነሳባቸው፣ «ወጤን ልትሰርቅ ነው የምትከተለኝ፤ ግን መንገዱን ብታውቅ እጄን አታውቅ» ይሉ ነበር።

እኔ በዚያ ጊዜ ባሕር ዳር ሆኜ ለአንድ ጋዜጣ እዘግብ ነበር። ሁለት ሺህ አሥር ዓመተ ምህረት በገባ በኅዳር አካባቢ ሞጣ ሄጄ አንድ ነገር እንድዘግብ ተላክሁ። ጉዳዩ የመድኃኒት አስተዳደር ነው። ዛሬ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የምንለው ነገር ያን ጊዜ ገና በአፋችን አልገባም ነበር፤ የሚሠሩበትም ሰዎች «ሲስተሙ» ነበር የሚሉት። በአካባቢው ባሉ ጥቂት የጤና ተቋማት ለሙከራ የገባ ፕሮግራም ነው። ያለፉትን ዓመታት የመድኃኒት አወጣጥ ሲያነብ ይቆይና፣ በሚመጣው ወር የትኛው መድኃኒት የት እንደሚያልቅ፣ የትኛው ደግሞ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ጊዜው እንደሚያልፍበት ይገምታል።

ከሲስተሙ ጋር ያስተዋወቀኝ በሞጣው ሆስፒታል የሚሠራ ወጣት ፋርማሲስት ነበር። ሞጣ ተወልዶ፣ ተምሮ፣ ሞጣ የተመደበ ልጅ ነው። በሥራው የሚኮራ፣ ነገር ግን የማያጋንን ሰው ሆኖ አገኘሁት። መጀመሪያ ያሳየኝ ኮምፒውተሩን ሳይሆን ከመድኃኒት መጋዘኑ ጀርባ ያለች ትንሽ ክፍል ነው። ክፍሏ ድሮ ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት እስኪቃጠል የሚከማችባት ነበረች፤ እኔ ሳያት ባዶ ነች ለማለት ይቻላል። በአንድ በኩል ሲቃጠል በሌላ በኩል ሰው አጥቶ ይመለስ እንደነበረ ነገረኝ። ሌላ አገር እንዲህ ያለው ማሽን አዲስ መድኃኒት ራሱ ፈልጎ እንደሚያገኝ አንብቤ ነበርና አነሳሁበት።

«እሱ ለእነሱ ነው ጋሼ» አለኝ። «እኛ የተገኘውን መድኃኒት እንኳ ቢያገኝልን ይበቃናል።»

ከዚያ ስክሪኑ ላይ ካርታ ከፈተ። ካርታው ላይ ያሉት ቀጫጭን መስመሮች ዕድሜ ልክ የሚወሰድ መድኃኒት ያለባቸው ሰዎች ከመኖሪያቸው ተነስተው መድኃኒት እስከሚወስዱበት ድረስ የሚሄዱበትን መንገድ ያሳያሉ። የማንም ስም የለበትም። ከቢቸና ተነስተው ሞጣ የሚገቡ መስመሮች አሉ፤ ከሞጣ ተነስተው ቢቸና የሚገቡም አሉ። ግንደ ወይን አካባቢ ይገናኙና ይተላለፋሉ። ቢቸናም ሞጣም መድኃኒቱ አለ፤ አንድ ዓይነት መድኃኒት ነው። ሲስተሙ ይህን አይቶ ያቀረበው ሐሳብ አጭር ነበር፤ የቢቸናው ወደ ቢቸና፣ የሞጣው ወደ ሞጣ ይመለስ።

እኔም ካርታውን ሳየው ትክክል መሰለኝ። እውነቱን ለመናገር ከላይ ሆኖ ለሚያይ ሰው ከዚያ የተለየ የሚታሰብ ነገር አልነበረም። ግን ሙያዬ ነውና ጠየቅሁት።

«ለምን የሚተላለፉ ይመስልሃል?»

ገበያ፣ ዘመድ፣ ልማድ ሊሆን እንደሚችል ተናገረ። ሲስተሙ ምክንያት እንደማይጠይቅ፣ መንገድ ብቻ እንደሚያይ ጨመረልኝ። ሰዎቹ ራሳቸው ተጠይቀው እንደሆነ ጠየቅሁት። አንድ በአንድ ጠይቋቸዋል፤ ራሱ ነው የጠየቀው። «ሁሉም እሺ ብለዋል» አለኝ። ይህንም ጻፍሁት።

ስወጣ እትዬን አገኘኋቸው። ግቢው ውስጥ፣ ከአንዲት ጠባብ በር አጠገብ ባለ አግዳሚ ላይ ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ተቀምጠዋል። ሳላውቃቸው ባለፍሁ ነበር፤ ያወቅኋቸው በዘንቢሉ ነው። ተነስተው ሳሙኝ።

«ዓይኔን ልታይ መጥቼ» አሉኝ።

የዓይን ሕክምናው በግቢው ሌላ ጫፍ መሆኑን ከአንድ ሰዓት በፊት ፋርማሲስቱ አሳይቶኝ ነበር። «እግዜር ይማርዎት እትዬ» አልኋቸውና ሄድሁ።

ከሰዓት በኋላ እናቴን ልጠይቅ ወደ ቢቸና ስሳፈር አውቶቡሱ ላይ ተገናኘን። ማምለጫ የለም፤ የቀረው ቦታ ከእሳቸው ጎን ያለው ብቻ ነበር። ዘንቢሉን በጉልበታቸው ላይ አድርገው ስለ እናቴ ጉልበት፣ ስለ ጤፉ አዝመራ፣ አንድ ጎረቤት ስላሠራው የማያምር የቆርቆሮ አጥር አወሩኝ። ግንደ ወይንን ስናልፍ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አንተ ሥራህ መጠየቅ አይደለም እንዴ? ምነው ዛሬ ጠፋብህ?» አሉኝ።

«ዓይኔን ብለውኝ የለ። እሱን መዘገብሁ።»

ሳቁ። ከዚያ ነገሩኝ። ኤች አይ ቪ በደማቸው እንዳለ ያወቁት ባላቸው ከሞቱ በኋላ ነው። ነፃው መድኃኒት ከመጣ ጀምሮ ይወስዳሉ፤ አንድም ቀን አላሳለፉም። ቢቸና ግን ወስደው አያውቁም። ቢቸና መድኃኒቱን የሚሰጠው ማን እንደሆነ ያውቃሉ፤ እሱ ሲወለድ እናቱን ያረሱት እሳቸው ናቸው። አግዳሚው ላይ ማን እንደሚቀመጥ፣ በበሩ ማን እንደሚያልፍ ያውቃሉ። ሞጣ ግን ማንም አያውቃቸውም። አድራሻ ሲጠየቁ እንኳ እውነተኛውን ተናግረዋል፤ የሚደብቁት ከሚያውቃቸው ሰው እንጂ ከማያውቃቸው ካርድ ጸሐፊ አልነበረም። ቅመሙ የመጣው በየወሩ ሞጣ ምን እንደሚሠሩ ሰው መጠየቅ ስለጀመረ ነው።

«ባለፈው ወር ያ ልጅ ጠየቀኝ» አሉ። ፋርማሲስቱን ማለታቸው ነው። «‹እማማ፣ ለምን ይንከራተታሉ፣ እዚያው ቅርብዎ ቢሆንልዎ ጥሩ አይደለም?› አለኝ።»

«ምን አሉት?»

«‹እግዜር ይስጥህ ልጄ፣ ጥሩ ነው› አልሁት።»

«እምቢ ማለት ይችሉ ነበር እኮ።»

«በጎ ያሰበልኝን ልጅ በምን አፌ?»

«ሁሉም እሺ ብለዋል» የሚለው ቃል ማስታወሻዬ ላይ ነበረ፤ እንዴት እሺ እንዳሉ ያወቅሁት ግን አውቶቡስ ላይ ነው። እዚህ አገር ለደግ ሐሳብ የሚሰጠው መልስ ምስጋና ነው። ልጁ በቅንነት ጠየቀ፣ እሳቸው በጨዋነት መለሱ፣ ሲስተሙ ደግሞ የተነገረውን ተቀበለ። የተሳሳተውን ለይቼ ጣቴን ልቀስር ብል የምቀስርበት አላገኘሁም።

በዚያን ቀን ካርዳቸው ወደ ቢቸና መዛወሩን ነግረው የመጨረሻውን የሁለት ወር መድኃኒት ሰጥተዋቸዋል። የሚያልቀው ጥር ላይ ነው። ጥር ላይ ደግሞ በከተማው ትልቅ የሚባል ሰርግ ነበረባቸው። ደጋሹ እሳቸውን ሲጠብቅ ቀኑን አንድ ጊዜ አዛውሯል።

ቫይረሱ በምግብ እንደማይተላለፍ ሰው ሁሉ እንደሚያውቅ ነገርኋቸው። ይህ ከብዙ ዓመታት ትምህርት በኋላ እውነት ነበር።

«ያውቃል» አሉ እትዬ። «ማወቅና መጉረስ አንድ ነው? እዚያ በር ላይ አንድ ሰው ቢያየኝ ወጤን ማን ይቀምስልኛል? ማንም ክፉ አይናገረኝም። ብቻ የሰርጉ ቀን ሲቆረጥ አይጠይቁኝም።»

ፋርማሲስቱን ላናግርልዎ አልኋቸው። ስማቸውን ሳልጠራ ከሆነ ፈቀዱ። ባሕር ዳር ከተመለስሁ በኋላ ደወልሁለትና ነገሩን በጥቅሉ አነሳሁለት። ሰዎቹ የሚሄዱት መድኃኒት ፍለጋ ሳይሆን ከሚያውቃቸው ዓይን ለመሸሽ ቢሆንስ አልሁት።

«ጋሼ፣ አጎቴም ቢቸና ነው የሚወስደው» አለኝ።

«ለምን?»

«ሞጣ እኔ አለሁዋ።»

ለካ እሱም ያውቃል። ሆኖም እሺ ያሉትን ሰዎች እምቢ ብላችኋል ሊላቸው አልቻለም። የዚያ ዙር መድኃኒት ተከፋፍሎ ሄዷል፤ ሞጣ የቀረው እዚያው ለሚኖሩት የተመደበው ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ግን ለመለወጥ እንደሚሞክር፣ ነገር ግን አንድ ሰው እንኳ መጥቶ አልፈልግም ቢለው እንደሚቀልለት ነገረኝ። ይህን ለእትዬ በስልክ ስነግራቸው፣ «አልፈልግም ለማለት እዚያው ሰው ፊት ቆሜ ለምን እንደማልፈልግ ልናገር ነው? ተወው» አሉኝ።

ጥር ገባ። መድኃኒታቸው ሊያልቅ ሲል እኔ እናቴን ልጠይቅ ቢቸና ነበርሁ። እትዬ በጠዋት ቤታችን መጡ። የመጡት የሽንኩርት መክተፊያ ለመዋስ ነው፤ ለእናቴ እንደዚያ ነው ያሏት። እኔን በር ላይ ነጥለው መድኃኒቱ ወደሚሰጥበት አብሬያቸው እንድሄድ ጠየቁኝ። ሐሳባቸው ተዘጋጅቷል፤ ሰው ካየን፣ ለጋዜጣው የሚጽፈውን ቦታ ላሳየው መጣሁ ይላሉ።

«ቢቸና የተወለድሁትን ሰው ቢቸናን ያሳዩኛል?»

«ባሕር ዳር ከገባህ ወዲህ ጠፍቶሃል።»

እኔ እንደማልዋሽ፣ ግን ደግሞ እንደማልናገር ነገርኋቸው። እሱ ይበቃኛል አሉ። እኔም የምሄድበት ምክንያት በእርግጥ ነበረኝ፤ ሙከራው ቢቸና ላይ እንዴት እንደሚሠራ አላየሁም ነበርና።

የመረጡት የገበያ ቀን ነው። ከተማው ወደ ገበያው ሲወርድ እኛ በተቃራኒው ሄድን። በመንገድ ላይ ሁለት ሰዎች ሰላም አሉን፤ አንዱ ስለ ሰርጉ ጠየቃቸው፣ ሌላው ቅመሙ መጥቶ እንደሆነ። «እየሄድሁ ነው» አሉት እትዬ። ውሸት አልነበረም። እርምጃቸው ግን እየከበደ ሄደ። በሩ ሊታይ ሲል ቆሙና ነጠላቸውን አጠበቁ። መመለስ እንደሚፈልጉ ጠየቅኋቸው። «ልጆቼን ካሳደግሁበት ድስትና ከዚህ ኪኒን የቱን ልምረጥ?» አሉኝ። መልስ የሚጠብቁ አልነበሩም፤ ገቡ።

አግዳሚው ላይ አንዲት ሴት ብቻ ነበሩ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረዋል፤ ነጠላቸው ከዓይናቸው በስተቀር ሁሉን ሸፍኗል። እትዬ በሌላው ጫፍ ተቀመጡና እሳቸውም ፊታቸውን ወደ በሩ አዞሩ። እኔ መሐል ቆሜ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ስለ እጅ መታጠብ አነበብሁ። መስኮቱ ተከፈተ። የሚሰጠው ሰው ስም አልጠራም፤ የካርድ ቁጥር ነው የጠራ። ሴትዮዋ ሲነሱ ነጠላቸው በአግዳሚው ምስማር ተያዘና ከራሳቸው ወረደ።

የታች ሰፈሯ ባለሙያ ነበሩ።

ሁለቱ ተያዩ። መጀመሪያ የተናገሩት እትዬ ናቸው።

«ምነው አንቺ፣ ቅመም ልትገዢ ነው?»

የታች ሰፈሯ ነጠላቸውን ከምስማሩ ቀስ ብለው አላቀቁ። «አዎ» አሉ። «ከሞጣ ወደዚህ ተዛውሯል ብለውኝ።»

እትዬ ሳቃቸውን ለመያዝ አፋቸውን በእጃቸው ሸፈኑ፤ አልያዘላቸውም። የታች ሰፈሯም ተከተሉ። ሰጪው ከመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ ሁለቱን፣ ከዚያም እኔን አየ። የካርድ ቁጥሩን ደግሞ ጠራ። የታች ሰፈሯ መድኃኒታቸውን ተቀብለው ሊወጡ ሲሉ ተመለሱና ከእትዬ አጠገብ ተቀመጡ፤ ተራቸው እስኪደርስ ሊጠብቋቸው መሆኑ ነው።

«እኔ ወጤን ልትሰርቂ የምትከተይኝ ይመስለኝ ነበር» አሉ እትዬ።

«እኔ ደግሞ የቅመሙን ሱቅ ልትደብቂኝ የምትሸሺኝ።»

«ከፊት የምትቀመጪው ለዚያ ነበር?»

«አንቺ ከኋላ ስለምትቀመጪ ነዋ።»

ስንወጣ ለየብቻ ነው የወጣነው። ያን ያህል አልደፈሩም። የሚያውቃቸው ሰው በበሩ ቢያልፍ አሁንም ያው ነው፤ የተቀነሰው አንድ ዓይን ብቻ ነበር። ግን እትዬ መንገድ ላይ ቀጥ ብለው ይራመዱ ነበር፤ ቤት እስክንደርስ ስለ ሰርጉ ሽንኩርት ብቻ ነው ያወሩኝ።

ሰርጉ ላይ ከተማው ያልጠበቀውን አየ። ሁለቱ ባለሙያዎች በአንድ ዳስ ሠሩ። ዶሮው የእትዬ፣ ቀይ ወጡና አልጫው የታች ሰፈሯ ሆነ። ደጋሹ ማን እንዳስታረቃቸው ሊያውቅ ፈለገ። የታች ሰፈሯ «አልተጣላንም፤ መንገድ ነው ያራራቀን» ብለው ድስታቸውን ከደኑ። የዕለቱ መከራከሪያ ግን ተጀምሮ ነበር፤ የሞጣው ቅመም የገባው ዶሮው ውስጥ ነው ወይስ ቀይ ወጡ ውስጥ? ያን ወር ሁለቱም ሞጣ አልሄዱም ነበር። ወጡ ሲጨለፍ ግን ጎደለው ያለ ሰው አልሰማሁም።

ዘገባዬን ጻፍሁ። ሲስተሙ መድኃኒት ከመቃጠል ማዳኑን ጻፍሁ፤ ባዶዋን ክፍል በዓይኔ አይቻለሁ። በመጨረሻ ላይ፣ አንዳንድ ሰዎች ቅርባቸው ያለውን ተቋም አልፈው የሚሄዱበትን ምክንያት ፕሮግራሙ ገና አልተማረም የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ጨመርሁ። አዘጋጁ ምክንያቱ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። የማውቀው በአደራ ስለሆነ አልጽፈውም አልሁት። ዐረፍተ ነገሩን ግን ሳይሰርዝ ተወልኝ።

ፋርማሲስቱም ቃሉን ጠበቀ። ከጥቂት ወራት በኋላ የሚጠየቀው ጥያቄ ተለወጠ። ቅርብዎ ቢሆን ጥሩ አይደለም የሚለው ቀረና፣ ከሁለቱ የቱ ይሻልዎታል የሚል ሆነ። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ለሁለተኛው ጥያቄ ግን ማንንም ሳያስቀይሙ የራስን መልስ መስጠት ይቻላል። ብዙዎቹ ወደ ድሮው መንገዳቸው እንደተመለሱ፣ ሲስተሙም ሊሄዱ የሚፈልጉበትን ቦታ እያየ መድኃኒቱን ማከፋፈል እንደጀመረ ነገረኝ። አጎቱ ቢቸና መረጠ።

የታች ሰፈሯ ወደ ሞጣ ተመለሱ። እትዬ ግን ቢቸና ቀሩ። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ መስኮቱ ላይ የፈሩት ሰው አንዴ አይቷቸው በሰርጉ ላይ ወጣቸውን ስለቀመሰ መሆኑን ነገሩኝ። ሌላ ሰው ቢያያቸው ደግሞ እንደ አመጣጡ ይመልሱታል። የቅመሙ ነገርም አልተቋረጠም። የታች ሰፈሯ በየወሩ ከሞጣ ሲመለሱ የሁለቱንም ድርሻ በዘንቢል ይዘው ይመጣሉ፤ ደጋሾችም አደራቸውን እንደ ድሮው ይሰጣሉ።

ይህን እንድጽፍ የፈቀዱልኝ ሁለቱም ናቸው። እትዬ ሲፈቅዱልኝ ስማቸውን ትቼ ወጣቸውን እንድጽፍ ነው ያሉኝ። በዚያው አጋጣሚ ለብዙ ዓመት ሳልጠይቃቸው የቆየሁትን ጠየቅኋቸው፤ የሞጣ ቅመም በእውነት ከቢቸናው ይሻላል?

«ነጋዴው ከአዲስ አበባ ነው የሚያስጭነው ልጄ» አሉኝ። «መኪናው በዚሁ በቢቸና በኩል ነው የሚያልፍ።»